ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ከተማ፦ ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉ

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ትንንሽ የቲኬት ቢሮዎች በአንዱ ነው። በራችን ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ የምሰማው ጥያቄ ያው ነው። "ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?"

በቅርቡ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ ልትመጣላቸው ነው። በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል።

"ልጄ፣ ትልቁ ልጄ ከዋሽንግተን 13 ሰዓት ነው ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የእሷ ልጅ ሲሄድ 17 ሰዓት ፈጅቶበታል። ወረቀቱ ላይ ስቆጥረው 21 ይመጣብኛል። የቱን ልያዝ?"

ሦስቱም ልክ ነበሩ። እያንዳንዱ የሚመልሰው ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና አንድ በአንድ አሰላን። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልክ ይበቃችኋል።

1. መነሻና መድረሻ ኤርፖርቱን ለዩ

በረራ የሚለካው ከኤርፖርት ኤርፖርት ነው። በእኛ በኩል ችግር የለም፤ ቦሌ አለ፣ አለቀ። ድሮ ልደታ ነበር አውሮፕላን የሚያርፈው፤ ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ሁሉ መነሻው ቦሌ ነው።

በሌላው ወገን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለንደን ብዙ ኤርፖርት አላት። ዋሽንግተንም እንደዚያው። በተለይ አበሻ የሚሳሳትበት አንድ ስም አለ። የዋሽንግተኑ ትልቅ ኤርፖርት ደለስ ይባላል። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ዳላስ የምትባል ከተማ አለች። በሁለቱም ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሰው በስልክ "ዳላስ ነው የማርፈው" ሲል ለጆሮ አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ስለዚህ ቲኬቱ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ እዩ። ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አይ-ኤ-ዲ፣ የቴክሳሱ ዳላስ ዲ-ኤፍ-ደብሊው፣ ዱባይ ዲ-ኤክስ-ቢ ነው። ኮዱን ከያዛችሁ ስሙ ቢመሳሰልም አትሳሳቱም።

2. ርቀቱን ለኩ

የመኪና መንገድና የአየር ርቀት በጣም ይለያያሉ፤ በተለይ በእኛ አገር። ባሕር ዳርን እንውሰድ። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ እየተጠማዘዛችሁ ደጀን ትወጣላችሁ። አውሮፕላኑ ያንን ሁሉ ገደል ከላይ ያልፈዋል። የአየሩ ርቀት 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መቀሌም በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይባላል፤ በአየር ከ500 ብዙም አያልፍም።

ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው። ጉግል ማፕን ክፈቱ። ቦሌ ኤርፖርት ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ። ቀይ ምልክት ይወጣል። ከታች የመጣውን ዝርዝር ወደ ላይ ስትስቡት ርቀት መለኪያ የሚል አማራጭ ታገኛላችሁ። እሱን ነክታችሁ ካርታውን ወደ መድረሻው ኤርፖርት አንቀሳቅሱት። ኪሎ ሜትሩ ከታች እየተቆጠረ ይሄዳል። አቅጣጫ የሚለውን ከነካችሁ ግን የሚሰጣችሁ የመኪና መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኔት ከሌለ በእጅ ይሰላል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ ልጆች ካሏችሁ አብራችኋቸው ሥሩት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚቆጠረው ኬክሮስ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚቆጠረው ኬንትሮስ ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር ይጠባል። በእኛ አካባቢ ግን አንዱ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቦሌ በኬክሮስ 8.98፣ በኬንትሮስ 38.80 ላይ ነው። የባሕር ዳር ኤርፖርት 11.61 እና 37.32 ላይ ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 2.63 ነው፤ በ111 ሲባዛ 292 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ 1.48 ነው፤ በ109 ሲባዛ 161 ኪሎ ሜትር። አሁን ስምንተኛ ክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ነገር ይመጣል። 292ን በራሱ አባዙ፣ 161ንም በራሱ አባዙ፣ ደምሩና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 333 ይመጣል።

ይህ ስሌት ለአገር ውስጥና ለጎረቤት አገሮች ጥሩ ነው። ሩቅ አገር ሲሆን ግን ምድር ክብ ስለሆነች አይሠራም። ለዚያ ሉልና ክር ያዙ። ቢሮአችን መስኮቱ ጋ አንድ ያረጀ ሉል አለ። ቀለሙ ለቅቋል፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጣት ስላረፈበት ስሟ ጠፍቷል። ለእማማ ከሹራባቸው ጫፍ የተመዘዘ ክር ተቀብዬ አንዱን ጫፍ እኛ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጥሬ አሳየኋቸው። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ሜዲትራንያንን አልፎ በስፔንና በፖርቹጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይገባል። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዝርግ ካርታ ብታሰምሩ ግን መስመሩ በሰሐራ መሐል ነው የሚሄደው። አጭሩ መንገድ የክሩ ነው። ሲለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

3. ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ትልቅ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ባሕር ዳርና ድሬዳዋ የሚመላለሰው ባለ ማራገቢያው ኪው 400 ደግሞ ወደ 650 ነው። ግን አውሮፕላን ሲነሳና ሊያርፍ ሲል በዚህ ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ እኔ የምጠቀምበት ስሌት ይኸውላችሁ። ጄት ከሆነ ርቀቱን ለ850 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ማራገቢያ ከሆነ ለ650 አካፍሉና ያንኑ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ዱባይ 2,515 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለ850 ሲካፈል 3 ሰዓት አይሞላም፤ ግማሹ ሲጨመር 3 ሰዓት ተኩል። ቲኬቱ ላይ 4 ሰዓት ገደማ ታያላችሁ። ስሌታችሁ አልተሳሳተም። ቲኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ነው። መንደርደሪያው ድረስ የሚያዘግምበትና ተራ የሚጠብቅበት ሁሉ ይገባል። ባሕር ዳር በዚሁ ስሌት 1 ሰዓት ናት። መጠጡ ታድሎ ሳያልቅ ቀበቶ እሰሩ ይባላል።

ዋሽንግተን ላይ ስሌቱ 14 ሰዓት ይሰጣል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ የሚመጣው ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። አንድ ሰዓቱን የሚቀንሰው ነፋሱ ነው። በዚያ ኬክሮስ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ከፊት ይጋፋል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚደረግ ረጅም በረራ ከመልሱ ያጥራል።

የእማማ ጎረቤት 17 ሰዓት ያሉትስ? እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይመጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን ያህል አይገፋም፣ ክንፉም ያን ያህል አያነሳም። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ርዝመት እያለው እንኳ፣ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው። ደለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ተነስቶ ቀጥታ ቦሌ ይገባል። ለብዙ ደንበኞቼ ይህንን ስነግራቸው ይገርማቸዋል። የእንጦጦ አየር ለሯጮቻችን የሚጠቅመውን ያህል ለአውሮፕላን ፈተና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አውሮፕላን ሁልጊዜ የክሩን መንገድ አይከተልም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ የአየር ክልል ተዘጋ። ከእኛ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች መዞር ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ያሰላችሁት ከቲኬቱ ካነሰ፣ መንገዱ ዞሮ ይሆናል ብላችሁ አስቡ።

4. ቲኬቱን አንብቡ

ቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው። የመድረሻው ሰዓት የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ካቀናነሳችሁ ውሸት ይነግራችኋል። እማማ 21 ያሉት በዚህ ነው። ወረቀታቸው ላይ ያለው እንዲህ ነበር። ሰኞ 11፡00 ከዋሽንግተን መነሻ፣ ማክሰኞ 08፡00 አዲስ አበባ መድረሻ። ሲቆጠር 21 ሰዓት።

ደንቡ አንድ ነው። ሁለቱንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ካመጣችሁ በኋላ ቀንሱ። ወሩ ጥር ስለሆነ ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ 11፡00 ሲሆን እዚህ 19፡00 ነው። ከሰኞ 19፡00 እስከ ማክሰኞ 08፡00 ቁጠሩ። 13 ሰዓት።

የጎረቤታቸውን ልጅ ደግሞ እንይ። ከቦሌ 22፡30 ተነስቶ በማግስቱ 07፡30 ዋሽንግተን ቢደርስ፣ በዓይን ሲታይ 9 ሰዓት ይመስላል። ያ 07፡30 ግን እዚህ 15፡30 ነው። ስለዚህ 17 ሰዓት፣ ነዳጅ የቀዳበትን ጨምሮ።

ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። እኛ ሰዓታችንን አንነካም፤ እነሱ ይነካሉ። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ገፍተው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ይመልሱታል። አውሮፓውያን በማርች የመጨረሻው እሁድ ገፍተው በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ይመልሳሉ። ስለዚህ ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ከእኛ ትዘገያለች። ፍራንክፈርት በክረምት 2፣ በበጋ 1። ዱባይ ግን ሁሌም በ1 ሰዓት ትቀድመናለች፤ ሰዓቷን አትለዋውጥም። በእነዚያ የመቀየሪያ ሳምንታት የሚመጣ ሰው ካላችሁ በደንብ አጣሩ።

5. ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሱ፤ ሌሊቱን ተጠንቀቁ

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ቲኬቱ ላይ ካለው 6 ቀንሱ። 13 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ 12 ደግሞ ቀንሱ። 23፡15 ከሆነ፣ 6 ሲቀነስ 17፡15፣ 12 ሲቀነስ ከምሽቱ 5፡15። ቲኬቱ ላይ ያለው ከ07፡00 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ጨምሩ። 04፡15 ማለት ከሌሊቱ 10፡15 ነው።

የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሲነጋ ነው አዲስ ቀን የምንለው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወደ ዱባይ ለሚሄድ አንድ ወጣት ቲኬት ቆረጥኩ። ቅዳሜ 00፡40 ይላል። እኔም "ቅዳሜ ከሌሊቱ 6፡40" ብዬ ሸኘሁት። ሒሳቡ ልክ ነው። እሱ ግን ቅዳሜን ከእናቱ ጋር ዋለ። ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት መረቀው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ጭኖ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከ20 ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ሄዷል። በሩ ላይ ሆኖ ሲደውልልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያችን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

መፍትሔው በገዛ ቋንቋችን ውስጥ አለ። አጥቢያ። አያቶቻችን "ለእሁድ አጥቢያ" ሲሉ እሁድ ሊነጋ ሲል ያለውን ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከ00፡00 እስከ 06፡00 ባለው ለሚነሳ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በትልቁ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ። "ዓርብ ማታ ቦሌ ይግቡ። በረራው ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40።" መጀመሪያ መቼ ከቤት እንደሚወጣ፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚበር። አንድም ሰው ከዚያ በኋላ አልቀረብኝም። እናንተም ለወላጆቻችሁ እንዲሁ ጻፉላቸው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛው ስትለውጡም የሳምንቱን ቀን ስም አብራችሁ ያዙ። ቁጥር ይምታታል፤ ዓርብ ግን በሁለቱም ዓርብ ነው።

6. ከቤት እስከ ቤት

ከመስቀል አደባባይ ቦሌ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ነፃ ከሆነ ሩብ ሰዓት። ማታ ሥራ መውጫ ላይ ከፒያሳ ወይም ከሜክሲኮ ከተነሳችሁ ግን አንድ ሰዓት ያዙ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ የደመራ ዕለት መስከረም 16፣ የታላቁ ሩጫ እሁድ በኅዳር፣ መንገድ ስለሚዘጋ ራይድ ብትጠሩም ዞሮ ነው የሚመጣው። ለውጭ በረራ ከ3 ሰዓት፣ ለአገር ውስጥ ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ። የአገር ውስጡ ተርሚናል 1 ነው፤ የውጭው ተርሚናል 2። ለሾፌሩ ከመጀመሪያው ንገሩት።

ባሕር ዳርን እንደገና ብታሰሉት ታዲያ፣ 1 ሰዓት የአየር፣ 2 ሰዓት ቅድሚያ፣ 1 ሰዓት የከተማ መንገድ፣ እዚያ ደርሶ ሻንጣ ተቀብሎ መውጫ ግማሽ ሰዓት። 4 ሰዓት ተኩል። በመኪና ሙሉ ቀን ከሚፈጀው ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው።

ትራንዚት ካለ የሁለቱን በረራ ሰዓትና መሐል ላይ የሚጠበቀውን ደምሩ። ወይም የመጀመሪያውን መነሻና የመጨረሻውን መድረሻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አምጥታችሁ ቀንሱ፤ መሐሉ ራሱ ይገባበታል።

ሰው የምትቀበሉ ከሆነ የበረራ ቁጥሩን ያዙ። በዕለቱ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። ነፋስ አግዞት ቀድሞ ይመጣል፣ ወይም ዘግይቶ ይነሳል። አረፈ ከተባለ በኋላም ፓስፖርት፣ ሻንጣና ጉምሩክ አለ። ከአሜሪካ ሦስት ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድ ሰዓት ስጡት።

እማማ ወረቀታቸውን ገልብጠው "አንተው ጻፍልኝ" አሉኝ። በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት ጻፍኩላቸው። "ልጅዎ ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ትነሳለች። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ ትደርሳለች። እርስዎ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ይሁኑ።" ከ1 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ሁለት ጨመሩ። "አሥራ ሦስት" አሉ። ወረቀቱን እንደገና አራት ቦታ አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።